ካላማዳሪ

ነስሩ ጎማ ለጣፊው፣ ሂርማታ ድልድይ ዳር፣
አሮጌ ካላማዳሪ በምላጭ ሰንጥቆ በመስመር፣
ቀኝ እግሬን ከፔዳሉ ጋር ይጠፍር ጀመር።
"ይጠብቅብሻል?" አለኝ።
"እኔን ምን ትጠይቃለህ፣ እሱን ጠይቀው፤
ቡናማ ፕላስቲክ ነው፣ ደም የለው፣ አይሰማው።"
ሳቀ። ቋጠረው። ደግሞ ደገመው።

ጉልበቴን ትቶልኛል የአጋሮው አይሱዙ፣
ከጉልበት በታች ነው የቀረው መዘዙ።
"ዕድለኛ ነሽ" አለኝ ሐኪሙ። ዕድል ማለት ይኼው፣
የተረፈውን ለክቶ ለባለቤቱ የሚሰጠው።

እግሩ ተሠርቶ እስኪመጣ፣ ወረፋው እስኪደርስ፣
ሰባት ወር ዋልኩ አባ ዲኮ ደጅ፣ የዋንዛ ፍቅፋቂ ሳፍስ።
በርጩማ ነው ሥራቸው፤ ከአንድ ግንድ፣ ያለ ሚስማር፣
ሦስት እግር ያወጣሉ በመጥረቢያ ዳር።
አንድ ቀን አንዱን አንስተው አኖሩት ጭቃው ላይ፣
አዌቱ ሞልቶ ባበላሸው መሬት፣ ድንጋይ በድንጋይ።
"አየሽ ረውዳ፣ ባለ አራቱ ወለል ይመርጣል፣
አንዱ እግሩ አየር ላይ ቀርቶ ይንገዳገዳል፤
ባለ ሦስቱን ግን የትም ጣዪው፣ ይቆማል።"
ቆጠርኩ፤ የኔን አንድ፣ የብስክሌቷን ሁለት ጎማ።
ሦስት!
ማን ይጠራኛል "አንካሳ" ብሎ ከእንግዲህ በጅማ?

እሑድ። ሰኔ። ሌሊቱን ያላባራ ዝናብ።
ከስታዲየም ጅሬን፣ ደርሶ መልስ።
ሃያ ሰባት ነን፤ ሃያ ስድስቱ ባለ ሁለት፣
እኔ ባለ አንድ ተኩል፣ ቁጥሬ አሥራ ስምንት።
ፊሽካው ሲነፋ የሸንኮራ ሻጩ ቢላውን አነሣ፣
እናቴ ሰማይ ሰማይ አየች፣ የሻርፗን ጫፍ ነክሳ።

ሜዳው ላይ ደኅና ነበርኩ። ፈረንጅ አራዳን ስናልፍ
ሦስት ወንዶች ጥያለሁ፤ አንዱ ሲሰድበኝ ሰምቻለሁ።
ዳገቱ ነው ጉዱ። ዳገት ያልበዋል ሰው፣
ሌላው ግንባሩን ይጠርጋል፤ የኔ ላብ መውጫ የለው፣
ማቀፊያው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ካልሲውን ያርሰዋል፣
ጉማጄ እንደ ዓሣ መዋኘት ይጀምራል።
አንድ ዙር።
ሁለት ዙር።
ሦስተኛው ላይ ሙልጭ!

በጎኔ ጭቃው ላይ ተኝቼ ቀና ስል ምን ላይ፣
ብስክሌቷ ተጋድማ፣ ጎማዋ ሰማይ ሰማይ፣
እግሬ ከነጫማው፣ ነስሩ እንዳሰረው፣
ፔዳሉ ላይ እንዳለ አንዴ ዞረ፣ ማንም ሳይነዳው፤
ዳገቱን ይወጣል ገና፣ እኔን ምን ቸገረው።

ልጆች ሮጠው መጡና ዝም ብለው ቆሙ።
አንዷ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣
"ደክሞት ነው?" አለችኝ እግሬን እያየች።
"እሱማ አልደከመውም፤ የደከመኝ እኔ ነኝ።"
ሳቀች። ሳቅኩ። ጭቃው አፌ ውስጥ ገባ።

ዳኛው ከመኪናው ወርዶ ጃንጥላ ዘረጋልኝ።
"ግቢ" አለኝ፣ "በቃሽ። ጀግና ነሽ። ሰዉ ያጨበጭብልሻል።"
"ጭብጨባ ምን ያደርግልኛል፣ ጋሼ?
ደረቅ ካልሲ ነው የቸገረኝ።"

አየኝ። ጃንጥላውን ለልጅቷ ሰጣት።
የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣
የጫማውን ክር ፈታ።
ግራጫ ካልሲ፣ ከነሙቀቱ፣
አውራ ጣቱ ጋ የተበሳ።

ስደርስ ገመዱ ተጠቅልሏል። ድንኳኑ ፈርሷል።
ሸንኮራ ሻጩ ልጣጭ እየጠረገ፣
"ስንተኛ ወጣሽ?" አለኝ።
"ሃያ ሰባተኛ። አንድ ካልሲ አተረፍኩ።"

ማታ የነስሩን ቋጠሮ መፍታት አቃተኝ፣
ቢላ አምጥታ እናቴ ቆረጠችው፤ አንድ ቃል አልተናገረችም።
ካልሲውን አጥቤ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩ፣ ነገ የምመልሰው።
እግሬን ከበሩ ጥግ አስደገፍኩት።
ዝናቡ ቀጠለ።
እኔ ጋደም አልኩ፣ እንቅልፍ ወዲያው ወሰደኝ፤
እሱ ከነጭቃው ቆሞ አደረ።